የቻይና ሳንቲም አስጮኺው ጋሽ ዘነበ

ጋሽ ዘነበ መሞቱን የሰማሁት የደንበኛ ሱሪ እያሳጠርኩ ሳለ ነው። መቀሱን እንኳ ከእጄ አላስቀመጥኩም። "ነፍስ ይማር" የሚለው ቃል ከጉሮሮዬ ተነሥቶ ጥርሴ ጋ ሲደርስ ቆመ። የሞተ ሰው አይወቀስም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ከጋሽ ዘነበ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ አልኖረማ! በሕይወት ሳለ "እርስዎ" እለው ነበር፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ እኔም አሳዳጊ የበደለኝ አይደለሁም። አሁን ግን "እሱ" ይበቃዋል።

ለቅሶው ላይ የተባለውን ብትሰሙ ደግሞ! አንድ ሰውዬ ድንኳኑ መሀል ተነሥቶ "አዳማ የቅርስ ሊቋን አጣች" አለ። "የቻይናን ጥንታዊ ሳንቲም በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው ከእንግዲህ ከየት ይገኛል?" አለና መሐረቡን አወጣ። እኔ ንፍሮዬን እንደያዝኩ አቀረቀርኩ። ሰው አለቀሰች ብሎ አዘነልኝ፤ እኔ ግን ሳቄን ነበር የምውጠው።

ከድሮው መናኸሪያ በስተጀርባ ባለው የሱቅ ረድፍ ውስጥ የእኔ ልብስ ስፌት ቤትና የእሱ ሱቅ በአንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነበር የሚለያዩት። ሲያስነጥስ እሰማዋለሁ። አዳማ በምትነድበት ወር፣ ሰው ሁሉ ሸሚዙን ከፍቶ ጥላ ለጥላ ሲሄድ፣ እሱ የሱፍ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ባንኮው ኋላ ይቀመጣል። አንገቱ ላይ በጫማ ማሰሪያ የታሰረ ማጉያ መነጽር ይንጠለጠላል። ከፊቱ ደግሞ አንዲት ነጭ እብነ በረድ አለች። ያቺ እብነ በረድ ታቦት ነበረች፤ ማንም እጁን እንዲያሳርፍባት አይፈቅድም።

እብነ በረዷ የአባቱ ናት። አባቱ በደጉ ዘመን የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ እውነተኛ ነጋዴ። ያኔ ሰው በጠገራ ብር ሲገበያይ፣ ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ንጹሕ ብር ከሆነ ጥርት አድርጎ ይጮኻል፤ እርሳስ የተቀላቀለበት ከሆነ ድፍን ይላል። ይህ ሽማግሌ ሁሉ የሚያውቀው፣ ለጠገራ ብር በትክክል የሚሠራ ዘዴ ነው። ልጅየው ድንጋዩን ወረሰ፣ ጆሮውንም ወረስኩ አለ። ጠገራ ብር ከገበያ ሲጠፋ ብዙ ዘመን ሥራ ፈትቶ ኖረ። ኋላ ቻይኖች ለመንገዱም ለባቡሩም ለፋብሪካውም መጡና፣ "ቻይና መሀሏ የተበሳች አሮጌ ሳንቲም ላገኘለት ሰው ወርቅ ይሰጣል" የሚል ወሬ ከሞጆ እስከ መተሐራ ተነዛ። ጋሽ ዘነበ ይህን ጊዜ የአባቱን ድንጋይ አቧራ ጠርጎ "የጥንታዊ ቻይና ሳንቲም መርማሪ" የሚል ታፔላ ሰቀለ።

ቻይንኛ ያውቅ ነበር? "ኒሃው" ያውቅ ነበር። እሱንም ደህና ሁኑ ለማለት ነበር የሚጠቀምበት።

ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ሳንቲሙን በሎሚና በአመድ ፈትጎ ፈትጎ ያብረቀርቀዋል። "እውነት ሎሚ አይፈራም" ይላል እየፈተገ። ከዚያ እጁን ያነሣና "ዝም በሉ!" ይላል። በር ላይ የቆሙትን የባጃጅ ሾፌሮች ሞተር ያስጠፋል፣ የእኔን የስፌት መኪና ሳይቀር ግድግዳውን እየደበደበ ያስቆማል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሳንቲሙን እብነ በረዷ ላይ ይለቀዋል። ቅጭልልል ካለ፣ "እውነት ይጮኻል!" ብሎ ይነሣል፤ ሳንቲሙ የጥንት ነው፣ ምስክር ወረቀት ይጻፍለታል፣ ማኅተም ይመታበታል። ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ "ድዳ ነው" ይልና ባንኮው ሥር ወዳለች ከረጢት ይወረውረዋል። ከረጢቷን "የውሸታሞች ቤት" ነበር የሚላት።

አንድ ጊዜ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰውዬ መጡ። ያመጡት ነገር ሳንቲም አይደለም፤ የብሎን ሮንዴላ ነው፣ ከሸንኮራ መጭመቂያው ላይ የወደቀ። እኔ ብረት ባላውቅም ሮንዴላ አውቃለሁ፣ መኪናዬ ላይ አለ። ጋሽ ዘነበ ጣል አደረገው። እንዴት ያለ ጩኸት! ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆምኩ መሰለኝ። "ከክርስቶስ ልደት በፊት!" ብሎ ተነሣ። ሰውየው ራሳቸው ደንግጠው "ኧረ ጋሼ፣ የቻይና ሳንቲም ቀዳዳው አራት ማዕዘን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይሄ ድቡልቡል ነው" ቢሉት ምን አላቸው መሰላችሁ?

"ማዕዘኑ በዘመን ብዛት አልቆ ነው።"

ያ ሮንዴላ መስታወት ያለው ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ ቀይ ከፋይ ላይ ተቀምጦ ከረመ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ "ጋሽ ሮንዴላ" እያሉት ሲዞሩ እሱ ክብር ነበር የሚመስለው። እስከዚህ ድረስ ስቄበት አልፋለሁ። ጉራ ሰው አይገድልም እል ነበር።

ጫልቱ እስክትመጣ።

ጫልቱ የሁሩታ ልጅ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ እኔ ጋ መጣች፤ እጁ እንደ እሷ የሚፈጥን ሰፊ አላየሁም። እዚያ ፋብሪካ ሳለች ቼን ከሚባል የስፌት መኪና ጠጋኝ ጋር ኖራለች። ከእሱም ሲምቦ የምትባል ልጅ ወለደች፤ ዓይኗ የአባቷ፣ ምላሷ የእናቷ። ቼን ውሉ አልቆ አገሩ ሲገባ፣ በቀይ ክር የታሰረች አንዲት አሮጌ ሳንቲም ልጁ አንገት ላይ አደረገላት። በስልኩ እያስተረጎመ "የአያቴ ናት፤ እስክመጣ ልጄ ትያዝልኝ" አላት። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ይደውላል። በተሰባበረ አማርኛው "ወረቀት ጀምሬያለሁ፣ እወስዳችኋለሁ" ይላታል።

ሁሩታ ያሉት ወንድሞቿ ግን "አታለለሽ፤ እዚያ ሚስት አለው። ልጅቷን ይዘሽ ነይ፣ ደህና ገበሬ አግኝተንልሻል" እያሉ ወጥረው ያዟት። ጫልቱ ከመሀል ናት። መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ስትሠራ ድንገት ታቆምና "እትዬ አስቴር፣ ሰውየው እውነቱን ነው ወይስ እየቀለደብኝ?" ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ! የሰው ሆድ እንደ ጨርቅ ገልብጬ አላይ።

አንድ ቀን ሳንቲሟን ከልጇ አንገት ፈትታ መጣች። "ይቺ የአያቱ ከሆነች ሰውየውም እውነተኛ ነው" አለች። "የገበያ ቆርቆሮ ከሆነች እሱም ቆርቆሮ ነው። በዚች እቆርጣለሁ።"

"ለማን ልታሳዪ?"

"ለጋሽ ዘነበ ነዋ።"

"ኧረ ተይ ልጄ! ያ ሰውዬ ሮንዴላ የሚያነግሥ ሰው ነው!"

"ታዲያ ሌላ ማን አለ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሌላ ማን አለ? እንዲህ ነው አንዳንድ ሰው ሊቅ የሚሆነው፣ ሌላ ስለሌለ።

ተከትያት ሄድኩ። ሳንቲሟ ጠቆር ያለች፣ አረንጓዴ ዝገት የተኛባት፣ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላት ስስ ነገር ናት። ጋሽ ዘነበ ቀይ ክሯን እንኳ ሳይፈታ ሎሚውን ጨመቀባት። አመዱን ነስንሶ መፈተግ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ የልጄ ናት" አለች ጫልቱ።

"አንቺ ልጅ፣ ባለሙያ አይመከርም።"

ሾፌሮቹ ሞተራቸውን አጥፍተው በሩን ሞሉት። ዓይኑን ጨፈነና ለቀቃት።

ጠቅ።

ደገመ። ጠቅ። ከፍ አድርጎ ለቀቃት፤ ያው ጠቅ። ጋሽ ዘነበ ዓይኑን ገልጦ ሰዉን በሙሉ አየና፣ ጊዜውን ወስዶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ "ድዳ!" አለ። ይህም አልበቃውም። "የእኔ እህት፣ ቻይናው ልጅሽን በድዳ ቆርቆሮ ሸኝቷታል።"

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ጫልቱ አላለቀሰችም። ሳንቲሟን ባንኮው ላይ ትታ ወጣች፤ እሱም አንሥቶ ውሸታሞች ቤት ከተታት።

በዚያው ቀን ሲም ካርዷን አውጥታ በእኔው መቀስ ለሁለት ቆረጠችው። ስልኳ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍታ፣ ባዶ አድርጋ ሸጠችው። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፣ ቤትም ቀየረች፤ ሰውየው ቢፈልጋት የሚያገኝበት መንገድ አልቀረም። ገበሬውንም አላገባችም። "ሁለተኛ በሰው ቃል አልታለልም" አለችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መስፋት ብቻ ሆነ ሥራዋ። ሲምቦ "ሳንቲሜስ?" ስትላት "ጠፋች" ትላታለች። ልጅቷ አንገቷን ትዳብሳለች።

ዓመት አልፎ፣ አንድ ሽማግሌ ቻይና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከአንዲት አስተርጓሚ ጋር ሱሪ ሊያሳጥር እኔ ቤት መጣ። ሱሪውን እስክጨርስለት ጎረቤት ገብቶ ዕቃ ሲያይ፣ ሳቅ ሰማሁ። ሄድኩ። ሽማግሌው ሣጥኑ ላይ ተደግፎ ዓይኑን እየጠረገ ይስቃል። ጋሽ ዘነበ ያደነቀው መስሎት አንድ በአንድ እያወጣ ያስጮህለታል።

"ምን ይላል?" አለ ጋሽ ዘነበ በኩራት።

አስተርጓሚዋ ፊቷ ቀላ። "ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ ለጎብኚ የሚሸጡ የትናንት ዕቃዎች ናቸው ይላል። አሮጌ ነሐስ ብዙ ዘመን መሬት ውስጥ ከኖረ ሆዱን ዝገት ይበላውና ድምፁ ይሞታል። እንዲህ የሚጮኸው አዲሱ ነው ይላል። ደግሞ… ይቅርታ ጋሼ፣ ጽሑፋቸው ተገልብጦ ነው የተቀመጡት።"

"ዝገት መቀባትስ አይቻልም እንዴ?" አልኩ እኔ፤ አፌ አያርፍም።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ መለሰ። "የተቀባ ከሆነ በፈላ ውሃ ይለቃል" አለች አስተርጓሚዋ። "ከነሐሱ ጋር የተጋባ ዝገት ግን ሎሚም አያፋታው፣ ቀዳዳው ጥግ ላይ ተጣብቆ ይቀራል ይላል።"

ይህን ሁሉ ሰምቶ ጋሽ ዘነበ ምን እንዳለ እስከምሞት አልረሳውም። ካፖርቱን አስተካክሎ፣ "ቻይና ስለ ቻይና ሳንቲም ምን ያውቃል? ዓሣ ስለ ውሃ ይጠየቃል?" አለ።

እነሱ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። "ጋሽ ዘነበ፣ የጫልቱን ሳንቲም ይስጡኝ።"

"የቷን?"

"ያቺን ድዳዋን።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ "የለችም" አለኝ። "አዋሽ ድልድይ ላይ ቆሜ ወረወርኳት። ሐሰተኛ ነገር በሰው እጅ እንዲዞር ሕሊናዬ አይፈቅድም።"

ሄጄ ለጫልቱ ሁሉንም ነገርኳት። መኪናዋን ሳታቆም ሰማችኝ። "እትዬ፣ ቆርቆሮም ጠቅ ነው የሚለው" አለች። "ሳንቲሟ ብትኖር አይቼ እለይ ነበር። አሁን በምን አውቃለሁ?" ልክ ናት። ከዚያ በኋላ ብናገር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው ብዬ ተውኩት።

እሱ ግን ቀጠለ፣ ጋሽ ዘነበ። ካፖርቱን ለብሶ፣ እብነ በረዷን ወልውሎ። አስተውዬ ነበር፤ ሳንቲም ማስጮሁ ቀንሷል። ያረጀ መሰለኝ።

ሞተ እንግዲህ። ለቅሶው አልፎ በሳምንቱ ሚስቱ ወይዘሮ ማንያህልሻል ጥቁር ጨርቅ ይዘው መጡ፣ የኀዘን ቀሚስ እንድሰፋላቸው። ደግ ሴት ናቸው፣ እንዴት ከዚያ ሰው ጋር እንደኖሩ እግዜር ይወቅ። ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ከለካኋቸው በኋላ፣ "ሱቁን ልለቅ ነው፣ ዕቃውን አብረሽኝ አውጪልኝ" አሉኝ። ገባን። ሮንዴላው ከፋዩ ላይ ተንጋሎ ይስቅብኛል። ባንኮው ሥር ጎንበስ ስል ያቺ ከረጢት አለች። ገለበጥኳት።

ከጥቁሮቹ ሳንቲሞች መሀል አንዲት በቀይ ክር የታሰረች አለች።

አንሥቼ ያዝኳት። "አዋሽ ወረወርኳት ብሎኝ ነበር" አልኩ።

ወይዘሮ ማንያህልሻል ተቀመጡ። "ቻይናው ሽማግሌ ከመጣ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልነበረም" አሉ። "ከረጢቷን ቤት ይዟት ይመጣና እሁድ እሁድ ዘርግፎ ያያቸዋል። አንድ ቀን 'የዚያችን ልጅ ሳንቲም ሳልሳሳት አልቀረሁም' አለኝ። 'ታዲያ መልስላታ፣ በእግዜር!' ስለው 'ያ ሁሉ ሾፌር ቆሞ የሰማውን? ምን ብዬ?' አለኝ። ደግሜ አላነሣሁበትም።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ምስኪኗ ሴትዮስ ምን አደረጉ? እሱ ግን! ሞኝ ነው ብዬ ነበር እኮ የኖርኩት። ሞኝ ቢሆን ይቅር እለው ነበር፤ ሞኝነት የፈጣሪ ነው። ይህ ግን አውቆ ነው። አንዲት ሕፃን አንገቷን እየዳበሰች በበሩ ስታልፍ እያየ፣ እናቷ ከግድግዳው ወዲያ መኪናዋን ስትረግጥ እየሰማ፣ የባጃጅ ሾፌር እንዳይስቅበት ብሎ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ሞተ። የሱፍ ካፖርት የለበሰ ፈሪ!

ይዣት ወጣሁ። ጫልቱ መኪናዋ ላይ ናት። ሳንቲሟን ከፊቷ፣ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አኖርኩላት። መኪናው ቆመ።

"ቀዳዳውን እዪው" አልኳት። "ጥጉን።"

ያ ሰውዬ የሳንቲሟን ፊት በሎሚ ልጦት ልጦት ነሐሱ አብርቋል። አራቱ የቀዳዳው ጥጎች ላይ ግን አረንጓዴው እንዳለ አለ። ጫልቱ መርፌ አንሥታ ጫረችው። ጫረችው፣ ጫረችው፤ ወይ ፍንክች። "እውነት ሎሚ አይፈራም" ይል አልነበረም? በዕድሜው አንድ እውነት ተናግሮ ነበር፣ እሱንም ራሱ አላመነውም።

"ኢንታላ ኮ" አለች ጫልቱ በለሆሳስ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ቀና ብላ "እትዬ፣ ስልክሽን ስጪኝ" አለችኝ።

የቼንን ቁጥር አታውቀውም፣ ከስልኳ ጋር ሄዷል። የደወለችው የራሷ የድሮ ቁጥር ላይ ነው፤ የተቆረጠው ሲም ቁጥር፣ እሱ ይደውልበት የነበረው። ያልተሠራበትን ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጡት የለ? ድምፁን ከፍ አድርገን ሰማን። አንድ ጎረምሳ አነሣ፣ ከኋላው የመኪና ጩኸት አለ።

"ሃሎ! ማን ልበል?"

"ይቅርታ ወንድሜ፣ አታውቀኝም፤ ይህ ቁጥር ድሮ የእኔ ነበር። ምናልባት… ከውጭ አገር የደወለ ሰው ይኖር እንደሆነ…"

ጎረምሳው "ጫልቱ ነሽ እንዴ?" አላት።

ጫልቱ አፏን በእጇ ያዘች።

"ኧረ በስመ አብ! እንደው አንቺ ሴትዮ የት ገብተሽ ነው? መተሐራ ነኝ እኔ፣ ሸንኮራ ጫኝ ነኝ። ሲሙን ከገዛሁ ጀምሮ አንድ ፈረንጅ ይሁን ቻይና፣ እሁድ በመጣ ቁጥር ይደውላል። 'ጫልቱ? ሲምቦ?' ይለኛል። 'ወንድሜ ተሳስተሃል፣ የለችም' ብለው የሚሰማ መሰለሽ? በሳምንቱ ደግሞ ይደውላል። ኋላ ሲሰለቸኝ ብሎክ አደረግኩት። ምን ላድርግ ብለሽ ነው!"

"ቁጥሩ…" አለች ጫልቱ።

ስልኩን ቀማኋት። "ቁጥሩ አለህ ወንድሜ?"

"ብሎኩ ውስጥ አለ። ላንብብላችሁ?"

እስክሪብቶ ፈለግኩ፤ የለም። ወረቀት የለም። ልብስ የምንለካበትን ጠመኔ አነሣሁና፣ እሱ ሲያነብ እኔ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ ጻፍኩት፤ የጋሽ ዘነበ ሚስት የኀዘን ቀሚስ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በትልልቁ። ጎረምሳው ሁለት ጊዜ አነበበልን፣ መርቆ ዘጋ።

ጫልቱ ከጥቁሩ ጨርቅ ላይ እያየች ቁጥሩን መታች። ሳንቲሟን በሌላው እጇ ጨብጣታለች። ጠራ። ብዙ ጠራ። ከዚያ ተነሣና፣ ማናችንም ገና ትንፍሽ ሳንል፣ ከወዲያ በኩል አንድ የወንድ ድምፅ "ጫልቱ?" አለ።

ለወይዘሮ ማንያህልሻል ሌላ ጥቁር ጨርቅ ገዝቼ ሰፋሁላቸው። ነፍስ ይማር ግን አሁንም አላልኩም።